እምቢ ብላለች

«ቀጠሮውን ለሌላ ሰው ስጡት። እሷ እምቢ ብላለች።»

ይህን የሰማችው ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ነው። ሱቁ የመጋረጃ ሱቅ ስለሆነ ፊቱን ከጓዳው የሚለየውም ግድግዳ ሳይሆን፣ አንድ ደንበኛ አዝዞ ቀለሙ አልጣመኝም ብሎ ጥሎት የሄደ ወፍራም አመድማ መጋረጃ ነበር። ከወዲያ በኩል ታናሽ እህቷ በስልክ ታወራለች፤ ከወዲህ እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ መንጠቆ በጥብጣብ ላይ ትሰካለች። የምትሰካው በግራ እጇ ነው። ቀኙ ጭኗ ላይ እንደ ተኛ ሕፃን ተጋድሟል። መጀመሪያ ነገሬም አላለችው፤ ስለ አንዲት አስቸጋሪ ደንበኛ የሚወራ መስሏት ነበር። ቀጥሎ ግን ታናሿ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አዎ፣ በቀኝ በኩል ነው የተቆረጠላት። አዎ፣ ስፖርቱን አልፈልግም ብላለች፤ ስንት ጊዜ ነው የምነግራችሁ?» ስትል፣ መንጠቆው ከጣቷ አመለጠና ሲሚንቶው ላይ ጠብ አለ። በቀኝ በኩል የተቆረጠላት ሴት በዚያ ሱቅ ውስጥ አንዲት ብቻ ነበረች።

ስልኩ ተዘጋ። መጋረጃው ገለጥ አለና ታናሿ ብቅ አለች፤ ሜትር አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ ስፒል ደረቷ ላይ ደርድራ፣ ፊቷ እንደ ሁልጊዜው ፈካ ብሎ። የወደቀውን መንጠቆ ጎንበስ ብላ አነሳችና ጥብጣቡን ከእህቷ ጭን ላይ ወሰደች።

«እትዬ፣ አልደከመሽም? ጋደም በይ እንጂ፤ ይሄ የት ይሄድብናል።»

«ማን ነበር የደወለው?»

«እነዚያ የባንክ ሰዎች ናቸዋ! ብድር ውሰዱ፣ ብድር ውሰዱ። ቁጥሬን ማን እንደሰጣቸው እንጃ» አለችና ሳቀች። ዓይኗ አልተርገበገበም። ታላቂቱን ያስደነገጣት ከውሸቱ ይልቅ ይህ ነው። ስትዋሽ ጆሮዋ የሚቀላ ልጅ ነበረች፤ ያሳደገቻት እሷ ስለሆነች ታውቀዋለች። ጆሮዋ መቅላት ያቆመው መቼ ነው?

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ሰው ክፉ ነው ብሎ ምራቅ ተፍቶ መሄድ ይቻላል። ይህቺ ግን ከስምንት ወር በፊት፣ የታላቂቱ ጡት በተቆረጠ ሰሞን፣ ዘጠኝ ሌሊት ሙሉ በሆስፒታሉ ሲሚንቶ ላይ ካርቶን አንጥፋ ከአልጋዋ ሥር የተኛች ናት። ከብብቷ የሚወጣው ፈሳሽ የሚጠራቀምበትን ጠርሙስ ይዛ ወደ መጸዳጃ ቤት የተመላለሰች፣ ስታስመልስ ግንባሯን የደገፈች፣ ነርሶቹን በስማቸው እየጠራች የምታስቅ። ከሆስፒታል የወጡ ዕለት ታክሲ ውስጥ እጇን ይዛ «ሐኪሙ ያለውን ልንገርሽ፤ በዚህ እጅሽ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ በላይ እንዳታነሺ። ወደ ላይም እንዳታነሺው። ዕድሜ ልክሽን» ብላት ነበር። ታላቂቱ አመነች። የማታምንበት ምን ምክንያት ነበራት? ሃያ ዓመት ሙሉ መሰላል ላይ ወጥታ በሰው ቤት መጋረጃ የሰቀለች፣ ከቁመቷም ከሥራዋም የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ «መሰላሏ» እያለ የሚጠራት ሴት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀበና የሚያህል ነገር ሳታነሳ ኖረች። ፀጉሯን በግራ እጇ አበጠረች። ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ዕቃ ሲያስፈልጋት ሰው ጠራች። ጣቃው፣ ዘንጉ፣ መሰላሉ የታናሿና የታናሿ ባል ሆነ፤ እሷ ወደ ጓዳ ገባች። ተመስገን፣ ነፍሴ ተርፋለች፣ እያለች።

«ክር ልገዛ ነው» አለችና ተነሳች።

«እኔ እገዛልሻለሁ፤ ምን ዓይነት?»

«እግሬን ላፍታታ።»

«እሺ። ቦርሳሽን በግራ ያዢ ታዲያ!» ብላ ጮኸችላት ታናሿ፣ በሩ ላይ ሆና፣ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰማ። ከጎን ያለው መነጽር ሻጭ ራሱን እየነቀነቀ «እንዲህ ያለች እህት ከየት ትገኛለች» አለ።

አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር ቆማ ሄደች። ከላይ ያለውን ብረት በግራዋ ጨበጠች፤ ትኬት ቆራጩ ሲመጣ ቦርሳዋን የሚከፍት ሌላ እጅ አልነበራትም፤ ቀኙ ዚፑን ለመሳብ እንኳ ሲወጠር ብብቷን ያማታል። ከጎኗ የቆመ ጎልማሳ «እማማ፣ ልክፈትልዎት» ብሎ ከፈተላት። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። እማማ የተባለችበት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ግን ለመከፋት እንኳ ጊዜ አላገኘችም፤ ጆሮዋ ውስጥ «እሷ እምቢ ብላለች» የሚለው ብቻ ይመላለስ ነበር። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ አለች ለራሷ። ምናልባት ታናሼ የማላውቀው ነገር ታውቅ ይሆናል። ምናልባት በሽታው ተመልሶብኝ፣ እንዳልሰማ ብላ ነው። እህቷን ነፃ ለማውጣት የራሷን ሞት እንኳ ልትቀበል ትንሽ ነበር የቀራት።

ከሆስፒታሉ በር «ስፖርት የሚያሠሩት የት ነው?» ብላ ጠየቀች። የፊዚዮቴራፒው ክፍል ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ ምድር ቤት ነው። ዘጠኝ ሌሊት በተኛችበት ሆስፒታል ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል መኖሩን አታውቅም ነበር። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ በእርሳስ የተሰመሩ ትንንሽ መስመሮችና ቀኖች አሉበት፣ ልጆች ቁመታቸውን የተለኩበት ይመስላል። ከጥጉ አንዲት ነጭ ፀጉር አሮጊት የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ላይ ያነሳሉ፣ ያወርዳሉ። ገና ከበሩ ሲያዩዋት «ግቢ ልጄ፣ አትፍሪ፤ የሚቆርጠው ሌላኛው ክፍል ነው፤ እዚህ የሚጎትቱት ብቻ ናቸው» አሏት። ባለሙያዋ ሳቀች፤ ወጣት ናት፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች። ስሟን ጠየቀቻት፤ መዝገብ አወጣች፤ በጣቷ ወደ ታች ስትወርድ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ቀና ብላ አየቻት።

«እርስዎ ነዎት? ዛሬ ጠዋት መዝገብዎን ልንዘጋው ነበር እኮ።»

«ለምን?»

«ሦስት ጊዜ ደውለን ያልመጣ ሰው መዝገቡ ይዘጋል።» ባለሙያዋ መዝገቡን ወደ እሷ አዞረችው። «ከወጡ በሁለተኛው ሳምንት ደወልን፤ ‹ገና አልዳነችም› ተባልን። በሦስተኛው ወር ደወልን፤ ‹ከከተማ ወጥታለች።› ዛሬ ደግሞ እምቢ ብለዋል አሉን። ሲወጡም ወረቀቱ ተሰጥቶዎታል፤ ሥዕል ያለበት፣ በየቀኑ የሚሠራው። ይኸው አስታማሚዎ ፈርመው ተቀብለዋል።»

ፊርማውን አየችው። መጀመሪያው ፊደል ላይ እንደ መንጠቆ ዞር ብሎ መጨረሻው ላይ የሚሰመር ፊርማ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ሱቁን ሲከፍቱ፣ «እንዲህ አድርጊው፣ ትልቅ ሰው ይመስላል» ብላ በቆረጣ ወረቀት ጀርባ ላይ ያስተማረቻት ራሷ ነበረች። ከፊርማው በላይ የታተመውን ቃል በቃል አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ። መልመጃው ከሆስፒታል በወጣች ማግስት እንደሚጀመር፣ ክብደት ማንሳት ቀስ በቀስ በባለሙያ ክትትል እንደሚጨመር፣ እጅን ያለ ሥራ ማኖር ትከሻን እንደሚያደርቅ ይናገራል። ስለ አንድ ብርጭቆ ውሃ አንድም ቃል የለበትም። ዕድሜ ልክ የሚልም የለበትም።

«ይቀመጡ» አለቻት ባለሙያዋ፤ የታላቂቱ ፊት ተለውጦ ኖሯል። ውሃ ሰጠቻት። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀቻትም፤ ወደዚህ ክፍል የሚገባ ሰው ምን ምን ይዞ እንደሚመጣ የለመደች ትመስላለች። ይልቅ ሜትር አወጣችና ሁለቱን ክንዶቿን ከእጅ አንጓ እስከ ብብት በየአራት ጣቱ ለካች፣ ጻፈች። ዕድሜዋን በሙሉ የሰው መስኮት ስትለካ የኖረች ሴት እጇን ዘርግታ ተለካች። ዕብጠት የለም። «ይሄ ዕድል ነው» አለች ባለሙያዋ። ከዚያ ቀኝ እጅዎን ወደ ላይ ያንሱ አለቻት። አነሳች። ትከሻዋ ላይ ሲደርስ እንደ ተቆለፈ በር ቆመ። ከብብቷ ወደ ክርኗ ከቆዳዋ ሥር እንደ ወፍራም ክር የሆነ ነገር ተወጠረ፤ ባለሙያዋ በጣቷ እየተከተለች አሳየቻት። መጋረጃ ለመሸብሸብ ክሩ ሲሳብ ጨርቁ ሁሉ አብሮ እንደሚሰበሰበው ነው፤ ደረቷም ጎኗም አብሮ ተሳበ።

«ይሄ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀላሉ የሚፈታ ነበር» አለች ባለሙያዋ፤ ከዚያ የተናገረችው የጸጸታት ይመስል ቶሎ ብላ «አልረፈደም። ግን ጊዜ ይፈጃል» አለች። «እጅሽን አትንኪ የሚለው ምክር የድሮ ነው። እርግጥ፣ ተነስተው ዛሬ የድንች ጆንያ ይሸከሙ አላልኩም። ከትንሽ ይጀምራሉ። ግማሽ ሊትር ውሃ ያለበት ጠርሙስ፣ ክርንዎን እያጠፉ፣ አሥር ጊዜ። አንድ ሳምንት ምንም ካልሆነ ትንሽ ይጨምራሉ። ሲወጠር ይቻሉት፤ ሲወጋዎት ያቁሙ። እጅዎ ካበጠ፣ ከከበደ፣ ከቀላ ወይ ከሞቀ ደግሞ ‹ያልፋል› አይበሉ፤ ያን ዕለት ይመጣሉ።»

«መሰላል ላይ እወጣለሁ?»

«መጀመሪያ በዚህ እጅ ፀጉርዎን ያበጥሩ። ስለ መሰላሉ ከዚያ እንነጋገራለን።»

«እንደ ድሮዬ እሆናለሁ ወይ?»

ባለሙያዋ ሜትሩን ጠቀለለች። «አልምልልዎትም» አለች። «በጊዜው ቢመጡ ኖሮ እምልልዎት ነበር።»

አሮጊቷ ከጥጋቸው «እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው» አሉ እንጨቱን ሳያወርዱ፤ «መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ይሄን እንጨት ማየት እንኳ አቅቶኝ ነበር። አሁን የማይረባውን ልጄን በዚህ እጄ አንድ ጥፊ ለማላስ ነው የምለማመደው፤ ትንሽ ነው የቀረኝ።» ሁለቱ ሲስቁ እሷም ፈገግ አለች፤ ፈገግ ስትል እንባዋ መጣ። ግድግዳው ሥር አቆሟት። ጣቶቿን እንደ ሸረሪት እያራመደች በግድግዳው ወደ ላይ ወጣች፤ አገጯ ጋ ሲደርስ ጥርሷን እስክትነክስ አመማት፤ እዚያ ባለሙያዋ በእርሳስ አሰመረችና ቀኑን ጻፈች። ከሁሉ መስመር ዝቅ ያለው የእሷ ነበር። ስትወጣ ባለሙያዋ አዲስ ወረቀት ሰጠቻትና «ለመጀመሪያው ሰሞን ክርንዎን ከሥር የሚደግፍልዎት ሰው ቢኖር ጥሩ ነው፤ ብቻዎን ሲሆኑ ትከሻዎ ያታልልዎታል። ቤት ውስጥ ሰው አለ?» አለቻት። ታላቂቱ ዞር ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን መስመሯን አየች። «ሞልቷል» አለች። መዝገቡ ላይ ያለውን ስልክም አስቀየረች፤ የታናሿ ቁጥር ተሰርዞ የራሷ ተጻፈ።

ሱቅ ስትመለስ በሩ ተዘግቷል። መነጽር ሻጩ «ወደ አዲሱ ሆቴል ሄደዋል፤ የመጋረጃውን ሥራ እኮ አገኙት፣ ስልሳ ክፍል! አልነገሩሽም?» አላት። አልነገሯትም። ሆቴሉ በእግር ሩብ ሰዓት ነው። ቀለሙ ገና ያልደረቀ ሕንፃ ነው፤ መተላለፊያው በላስቲክ ተሸፍኗል፤ ሊፍቱ አይሠራም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ቁልፍ የተሞላ ቀለበት የያዘች ሴት፣ አገኘቻትና ማንነቷን ስትሰማ ዓይኗን ከእግር እስከ ራሷ አመላለሰችባት። «ታላቅየዋ? እውነት? አይ፣ እኔ አሮጊት ነበር የጠበቅሁት። እህትዎ ‹ታላቄ በሕመም ጡረታ ወጥታለች፣ ከአልጋም አትነሳም› ብላን፣ እኛ እኮ አዝነን ነው ሥራውን ቶሎ የሰጠናት» አለች፤ ከዚያ የተናገረችው ነገር ልክ እንዳልሆነ ስለገባት ቁልፎቿን እያንሿኳኳች ሄደች።

ታናሿ ከመተላለፊያው ጫፍ ባለው ክፍል ውስጥ መሰላል ላይ ነበረች። ባሏ ዘንግ ሊያመጣ ወርዷል። ጀርባዋን ሰጥታ፣ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ መጋረጃውን እየሰቀለች ለራሷ ታንጎራጉራለች። ታላቂቱ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። እንዲህ ዓይነት ደስታ ፊቷ ላይ አይታ አታውቅም። ዞር ስትል ዘፈኑ ተቋረጠ።

«እትዬ! በእግርሽ መጣሽ? ደረጃውን ማን ውጪ አለሽ!»

«እምቢ ያልኩት መቼ ነው?»

ታናሿ መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘች። ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ወረቀቱን ታላቋ ግራ እጅ ላይ አይታዋለች። ቀስ ብላ ወረደች፤ የመጨረሻው መወጣጫ ላይ ቁጭ አለች፤ ከደረቷ ላይ ስፒሎቹን አንድ በአንድ እየነቀለች መልሳ ትሰካለች። ከታች ባሏ ብረት ሲጥል ይሰማል።

«ፈርቼ ነው» አለች በመጨረሻ። «መጀመሪያ ፈርቼ ነው። ስፌቱ ሲፈታ፣ ደም ሲመጣ ታየኝ። ትንሽ ትጠንክር ብዬ ወረቀቱን አስቀመጥኩት።»

«እሺ።»

«ኋላ ደግሞ…» አንድ ስፒል ነቅላ መልሳ ሰካች። «ኋላ ተመቸኝ።»

ታላቂቱ ወረቀቱን አጠፈችው።

«አታውቂውም አንቺ። ሃያ ዓመት መሰላል ያዢ ነበርኩ። ሰው ቤት ስንገባ ሻይ ሲቀርብ ላንቺ ነው፤ የሚያማክሩት አንቺን ነው፤ እኔን ‹ያቺ ልጅ› ነው የሚሉኝ። ልጅ ወልጄ እንኳ ያቺ ልጅ! አንቺ የተኛሽ ጊዜ ሰው ‹አንቺ ምን ትያለሽ?› ብሎ ጠየቀኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ነገ እነግራታለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግራታለሁ እያልኩ…»

«ብትነግሪኝ ኖሮ ቦታውን እለቅልሽ ነበር።»

«አትለቂም ነበር» አለች ታናሿ። ይህ እውነት ነበር፤ ሁለቱም ያውቁታል። ግን እውነት መሆኑ ምንም አላቀለለውም። ታላቂቱ የምትለው ነገር ሁሉ በአንዴ መጣባት፤ ዘጠኙ ሌሊት፣ ካርቶኑ፣ ፀጉሯን ስታበጥር መስታወት ውስጥ ያየችው ጠማማ ትከሻ፣ «ቦርሳሽን በግራ ያዢ» እየተባለች በመንገዱ ሁሉ ፊት ያመሰገነችው ምስጋና። ከአፏ የወጣው ግን ሥራዋ ያስለመዳት ነገር ብቻ ሆነ። መስኮቱን አየች። «በወዲያ በኩል ሁለት ጣት አጥሯል» አለች፤ ዞራም ሄደች።

እናታቸው ከእሷ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከሱቁ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ። ስትገባ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር እየለቀሙ ነበር። የት ነበርሽ ብለው አልጠየቁም። ሌላ ጊዜ ገና ኮቴዋን ሲሰሙ የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና ከጓዳ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ፈልጋ ውሃ ሞላችበት። እናቲቱ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ሥዕሎቹን አዩ፤ ሴትዮዋ እጇን ስታነሳ፣ ሴትዮዋ ግድግዳ ስትይዝ።

«ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?» አሉ።

ጠርሙሱን እንደያዘች ዞረች። «ደግሞ?»

የምስሩ ድምፅ ቆመ። እናቲቱ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉ፤ የጠፋ ነገር እንደሚፈልጉ ሁሉ የቀሚሳቸውን ጫፍ ዳበሱ።

«አንቺም ታውቂ ነበር እማዬ?»

«ልጅቷ አምጥታ አሳየችኝ። ‹እንስጣት ወይስ ትንሽ እንቆይ?› አለችኝ። ቆዪ አልኳት።» ድምፃቸው እየሰለለ ሄደ። «አክስትሽ እንዲህ ተቆርጣ፣ ደህና ሆንኩ ብላ ሥራዋ ገብታ፣ በዓመቷ ነው የቀበርናት። አንቺን ደግሞ አውቅሻለሁ፤ አንድ ጣት አንሺ ካሉሽ ጣራ ላይ የምትወጪ ነሽ። ትቀመጥልኝ አልኩ። ብትቀመጥ ምን አለበት? እጅ ይጉደል እንጂ ሰው አይጉደልብኝ አልኩ።»

«አክስቴን የገደላት በሽታው ነው። ሥራ አይደለም።»

«እኔ ምን አውቄ። እኔ የማውቀው ቀባሪ መሆኔን ነው።»

እዚህ ላይ መጮኽ ነበረባት፤ መጮኽ ግን አልሆነላትም። ታናሿ ላይ የያዘችው ቁጣ ቅርጽ ነበረው፤ ይሄ ቅርጽ የለውም። ፍቅር ነው ተብሎ የተዘጋ በር እንዴት ይሰበራል? ክፍሏ ገባች። ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠርሙሱን በቀኝ እጇ ያዘች፤ ክርኗን አጠፈች፤ ዘረጋች። ስምንት ወር ሙሉ ምንም ያልያዘ እጅ ተንቀጠቀጠ፤ በአራተኛው ላይ ላብ ወረዳት፤ በአሥረኛው ጠርሙሱን አስቀመጠችና መዳፏን ገልብጣ አየችው። አልቀላም። አላበጠም። ከዚያ ግድግዳው ሥር ቆመች። ግን ባለሙያዋ እንዳለችው ትከሻዋ አታለላት፤ ጣቷ ይወጣል ስትል ለካ የሚወጣው ትከሻዋ ነው፤ ወገቧ እየተጣመመ ነው። እናቷን ጠራች። እናቲቱ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ የእጃቸው መንቀጥቀጥ ከእሷ ይብሳል። «እኔ በዚህ ነገር እጅ የለኝም» አሉና ተመለሱ። ምን ለማለት እንደፈለጉ ራሳቸውም የሚያውቁ አይመስልም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ታናሿ መጣች። ዳቦ ይዛ፣ ዓይኗ አብጦ። እናትየው መሀል ተቀመጡ፤ ሻይ ተቀዳ፤ ማንም አልጠጣውም። ስለ ዳቦው መወደድ አንድ ቃል ተወራ፤ ቀጥሎ ስለ ጎረቤት ውሻ። የጠረጴዛው ላስቲክ ላይ የተቃጠለ የሲጋራ ቀዳዳ አለ፣ አባታቸው የተወው፤ ሦስቱም እሱን ያያሉ። እናቲቱ «እህትማማች ናችሁ» አሉ። «ሥጋ ናችሁ። እኔ ነገ ከነገ ወዲያ የለሁም። እሷም ጥፋቷን አውቃ መጥታለች፤ ይቅር በያት።»

«ለራስሽም ጭምር ነው የምትለምኚው» አለች ታላቂቱ። እናቲቱ አንገታቸውን ደፉ።

ታናሿ «እትዬ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ» አለች።

«አትውደቂ። አዳምጪኝ። የሆቴሉን ሥራ በስምሽ ወስደሽዋል፤ ጨርሺው፤ የጎደለውን ጨርቅ አስተካክለሽ ጨርሺው፤ ስማችን ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሱቁ ውስጥ አብረን አንቀመጥም። ወይ ድርሻሽን ከፍዬሽ አንቺ ትወጫለሽ፣ አለዚያ ድርሻዬን ከፍለሽኝ እኔ እወጣለሁ፤ ለየብቻ እንሠራለን።»

«በዚህ እጅ?»

ከታናሿ አፍ አመለጠ። ልትመልሰው ፈልጋ አፏን በመዳፏ ያዘች፤ ግን ወጥቷል፤ ስምንት ወር ሙሉ ያሰበችው ሁሉ በሁለት ቃል ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አለ። እናቲቱ እንኳ ቀና ብለው አዩዋት። ታላቂቱ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ግድግዳው ጋ ሄደች።

«በዚህ እጅ» አለች። «ነይ፣ ክርኔን ያዢ።»

«ምን?»

«ከሥር ደግፊው። እማዬ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላ ሰው የለኝም። ነይ።»

ታናሿ እግሯን እየጎተተች መጣች። ክርኗን በሁለት መዳፏ ተቀበለች፣ በጣም ቀስ ብላ፣ እንደሚሰበር ነገር። ታላቂቱ ጣቶቿን በግድግዳው ላይ ማራመድ ጀመረች፤ አንድ፣ ሁለት፤ አገጯ ጋ ሲደርስ ቆመ። እዚያ ታናሿ ተሰማት። ከመዳፏ ሥር፣ ከቆዳው ሥር፣ ያ የተወጠረው ክር። ይህንን ክንድ ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች፤ አንገቷን አቅፎ ያሳደጋት ነው፤ አሁን እንደ ደረቀ እንጨት ሆኖ መዳፏ ላይ ይርገበገባል። እንዲህ ያደረቀችው ራሷ መሆኗን ሰምታ ነበር፤ አምናም ነበር፤ ሲነካት ግን ሌላ ሆነ። እንባዋ የእህቷ እጅጌ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

«ይቅር አልሽኝ?» አለች።

«አላልኩም። እጁ እዚሁ አሥር እስኪቆጠር ይቆያል። አታልቅሺ፤ ቁጠሪ።»

ታናሿ አፍንጫዋን በትከሻዋ ጠረገች። «አንድ» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። «ሁለት። ሦስት።» በስድስት ላይ ታላቂቱ ከሕመሙ የተነሳ ዓይኗን ጨፈነች፤ ታናሿ ልትለቅ ስትል «ያዢ» አለቻት። ያዘች። «ሰባት። ስምንት። ዘጠኝ።» ጠረጴዛው ጋ የእናታቸው ከንፈር፣ ሳይታወቃቸው፣ አብሮ ይቆጥር ነበር።

«አሥር።»

እጇን አወረደች። ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እንደገና» አለች።